ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ አፈሩ ለምን እንዲህ ይተነፍሳል? (ድሬዳዋ)

የባዮ መምህርት፣ ሳቢያን

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፣ 11ኛ ክፍል። አንድ ነገር ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሐሳቤ አልወጣ ስላለኝ ነው የምጽፈው።

የአክስቴ ልጅ ባለፈው ዓመት ከውጭ ሲመጣ የቤት አየር የሚለካ ትንሽ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ አመጣልኝ። መዳፍ ታክላለች። ከሚሊዮን የአየር ክፍል ስንቱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሆነ በቁጥር ስልክ ላይ ታሳያለች። መጀመሪያ ክፍል ውስጥ ነበር የተጠቀምንባት። 60 ተማሪ መስኮት ዘግቶ ሲቀመጥ አየሩ ምን እንደሚሆን አየን። ከዚያ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ መሬቱስ ይተነፍሳል?» አለችኝ። ጥያቄው በጣም ደስ አለኝ። እንለካው አልኳት።

ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ገላጣ መሬት አለ። ጥቂት ግራር፣ ትንሽ ቁልቋል፣ በመሃል በመሃሉ የደረቀ ሳር። መጋቢት ላይ ሄድን። ለወራት ጠብ ያላለበት መሬት ነው። ባለ 20 ሊትር የቀለም ባልዲ አጥበን ገልብጠን ደፋነው። ጠርዙን በአፈር ደፈንነው፤ መለኪያዋ ውስጥ ናት። ከ430 ተነስታ በ5 ደቂቃ 438 ደረሰች። ያው ቆመ ማለት ይቻላል። ልጆቹ ቅር አላቸው።

ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ማታ ዝናብ ጣለ። ድሬ ያደገ ሰው ያን የአፈር ሽታ ያውቀዋል፤ ሰው ሁሉ ከቤት ወጥቶ በረንዳ ላይ ይቆማል። በነጋታው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እዚያው ቦታ፣ ያንኑ ባልዲ ደፋን። ከ431 ተነስታ በ5 ደቂቃ 569! ሁለቴ ደገምነው፤ ያው ነው። ሳሩ ግን ገና አላቆጠቆጠም። ባልዲው ስር አንድም አረንጓዴ ነገር የለም።

ይህ ሁሉ ጋዝ ከየት መጣ? ደግሞ ልጆቹ ያፋጠጡኝ ሌላ ጥያቄ አለ። የእኛ ቆላ መሬት በጠቅላላው ካርቦን ከአየር ይወስዳል ወይስ ወደ አየር ይሰጣል? ሙቀቱ እየባሰ ሲሄድስ? መማሪያ መጽሐፉ ስለ ደን ነው የሚያወራው። እነዚህ ልጆች ደግሞ በመስኮት የሚያዩት ግራርና ድንጋይ ነው። ስለሚያዩት መሬት ትክክለኛውን ልነግራቸው እፈልጋለሁ። የምታውቁ እባካችሁ።

የደንገጎ ልጅ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ተነስቼ ቆምኩ። ሐሮማያ የተማርኩት አፈር ነው፤ እንጀራዬም እሱ ነው። በቀለም ባልዲ ያገኛችሁት ነገር በሙያው ውስጥ ስም ያለው ነው። «የበርች ውጤት» ይባላል። በርች የሚባለው የአፈር ተመራማሪ የሠራው ሩቅ አገር አይደለም። ኬንያ ነው፤ ናይሮቢ አጠገብ ሙጉጋ በሚባል የምርምር ጣቢያ። ደርቆ የቆየ አፈር ውሃ ሲያገኝ በድንገት ብዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚያወጣ በ1958 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ አሳየ። ለልጆቹ ይህን ንገሪያቸው። ይህ እውቀት የተገኘው በእኛው ምሥራቅ አፍሪካ አፈር ላይ ነው።

አሁን ከየት መጣ ላልሽው። በደረቁ ወራት አፈር ውስጥ ያሉት ባክቴሪያና ፈንገሶች አብዛኞቹ አይሞቱም፤ ያንቀላፋሉ። ምግባቸው ግን ይጠራቀማል። የሞተ ሥር አለ፣ የረገፈ ቅጠል አለ፣ የፍየል በጠጥ አለ። ፀሐዩም ብቻውን ቅጠሉን እየሰባበረ ለመበላት ያዘጋጀዋል። ደግሞ እነዚህ ተሕዋስያን ድርቁን ለመቋቋም ሰውነታቸው ውስጥ ስኳር መሰል ነገር ያከማቻሉ። ዝናቡ ሲመጣ ውሃው በአንዴ ወደ ውስጥ ይገባባቸዋል። አንዳንዱ ይፈነዳል፤ አንዳንዱ ያከማቸውን ቶሎ ያወጣል፤ የተረፈው ያን ይበላል። የአፈሩ ጓልም ሲርስ ይፈርሳል፤ ውስጡ ተደብቆ የቆየው ምግብ ይጋለጣል። ይህ ሁሉ በሰዓታት ውስጥ ነው። ያን ሲበሉ የተነፈሱት ነው 569 ሆኖ የታየሽ።

ሳሩ ግን እንዲህ አይቸኩልም። ቅጠል ለማውጣት ቀናት ይፈልጋል። ስለዚህ በእኛ መሬት ሁልጊዜ ወጪው ቀድሞ ነው፤ ገቢው ዘግይቶ ይመጣል። የጥያቄሽ ቁልፍ እዚህ ጋ ይመስለኛል። ሳሩ ደርሶ የወጣውን ለመመለስ ጊዜ ያገኛል ወይስ አያገኝም?

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። የድሬ መሬት ብዙው የኖራ ድንጋይ ነው። ሲሚንቶ የሚሠራበት ድንጋይ ማለት ነው። ድንጋዩ ራሱ ካርቦን ይዟል፤ ፋብሪካ ውስጥ እሳት ያስወጣዋል፣ አፈር ውስጥ ደግሞ ውሃና ትንሽ አሲድ በዝግታ ያሟሟዋል። በዚያ ላይ ዝናቡ ሲሰርግ በአፈሩ ቀዳዳ የነበረውን አየር ገፍቶ ያወጣል። ስለዚህ የለካሽው ጭማሪ በሙሉ የተሕዋስያን ነው አትበያቸው። ብዙው ግን የእነሱ ነው።

ወደ ሙቀቱ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልዘግይ። ድሬ በዓመት 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ታገኛለች። አብዛኛው ሰው «ዝናቡ ቀነሰ ወይስ ጨመረ?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። ለካርቦኑ ግን አወራረዱም እኩል ዋጋ አለው። 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ካፊያ ጥሎ ቢያባራ የላይኛው ጣት የምታህል አፈር ብቻ ነው የምትርሰው። ተሕዋስያኑ ይነቃሉ፣ ይበላሉ፣ ያወጣሉ። ውሃው ሥሩ ጋ አልደረሰም፤ በማግስቱ ደርቋል። ያ ንጹህ ኪሳራ ነው። ደህና አድርጎ ጥሎ በሳምንቱ ቢደግም ግን ሥሩ ይጠጣል፣ ሳሩ ይነሳል፣ የወጣው ይመለሳል፣ ትርፍም ይኖራል። ደግሞ በአንድ ሌሊት ያን ሁሉ ቢያወርደው አፈሩ አይችለውም፤ ደቻቱ ወንዝ ይወስደዋል። በነሐሴ 1998 ያየነውን ጎርፍ አልደግምላችሁም፤ ያ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ነው የወሰደብን። ከሰው በኋላ ለምኑም አፈር የሚቆጥር የለም፤ ግን ጎርፉ የላይኛውን፣ ካርቦን ያለበትን አፈር ጭምር ነው ይዞ የሚሄደው።

አየሩ በ1 ዲግሪ ሲሞቅ 7 በመቶ ገደማ ተጨማሪ የውሃ ተን መያዝ ይችላል። ይህ ማለት ሲዘንብ ከበድ ብሎ ይዘንባል፤ ሳይዘንብ ደግሞ አየሩ ከቅጠልና ከአፈር አብዝቶ ይጠጣል። ቅጠሉ ውሃውን ላለማጣት ቀዳዳዎቹን ይዘጋል። ሲዘጋ ካርቦን አይገባም። እኩለ ቀን ላይ ድሬ ሰው ጥላ ውስጥ እንደሚገባው ሳሩም ሥራ ያቆማል። አፈሩ እርጥብ እስከሆነ ድረስ ግን ተሕዋስያኑ በሙቀቱ ይፈጥናሉ። በደፈናው ሙቀቱ 10 ዲግሪ ሲጨምር ትንፈሳቸው እጥፍ ይሆናል። ወጪው ይጨምራል፣ ገቢው ያጥራል።

በሌላ በኩል ያለውንም ልናገር፤ አንድ ወገን ብቻ ማውራት ልጆቹን መበደል ነው። አየር ላይ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በ1958 እ.ኤ.አ. ከሚሊዮን 315 ገደማ ነበር። አሁን ከ420 በላይ ነው። ይህ ሲጨምር ቅጠል ቀዳዳውን ጠበብ አድርጎ ከፍቶ የሚበቃውን ያገኛል፤ ውሃ ይቆጥባል። በሳተላይት ሲታይ አንዳንድ ደረቅ አገሮች አረንጓዴነታቸው ጨምሯል። ውሃው ጨርሶ ካለቀ ግን ይህ ቁጠባ አያድንም።

«ይወስዳል ወይስ ይሰጣል?» ላልሽው መልሱ እንደ ዓመቱ ነው። ጥሩ ዝናብ በጣለበት ዓመት ይወስዳል፣ በክፉ ዓመት ይሰጣል። ይህ ደግሞ የእኛ ሰፈር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2011 እ.ኤ.አ. የዓለም መሬት ከአየር የወሰደው ካርቦን ከተለመደው እጅግ በልጦ ነበር። ሲፈተሽ ትልቁን ድርሻ የያዙት የደቡቡ ንፍቀ ክበብ ከፊል ደረቅ መሬቶች ሆነው ተገኙ። በተለይ አውስትራሊያ፤ ላ ኒና በሚባለው የፓስፊክ ውቅያኖስ መቀዝቀዝ በመጣው ዝናብ በረሃዋ ሳር ለብሶ ነበር። ድርቁ ሲመለስ ብዙው ወደ አየር ተመለሰ። ደረቅ መሬት ከዓለም የብስ 40 በመቶ ገደማ ነው። ከዓመት ዓመት የምድር ካርቦን የሚወዛወዘው ይበልጡን በዚህ መሬት ነው። በመስኮት የሚያዩት ግራርና ድንጋይ የዓለም ሒሳብ ውስጥ አለ፤ በርቱ በያቸው።

ባለሙያዎች ይህን የሚለኩት በማማ ነው። ከእጽዋቱ በላይ ማማ ይተክላሉ። ነፋሱ ወደ ላይና ወደ ታች ሲል የያዘውን ጋዝ በሰከንድ 10 ወይም 20 ጊዜ ይለካሉ። በአፍሪካ ደረቅ መሬት እንዲህ ያሉ ማማዎች ጥቂት ናቸው። ደቡብ አፍሪካ ስኩኩዛ አለ፣ ሴኔጋል ዳህራ አለ። ወደ እኛ ቀረብ የሚል ሱዳን ኮርዶፋን ውስጥ ደሞከያ የሚባል ቦታ ነበር፤ የሙጫ ግራር አገር ነው።

ማማ ባይኖርሽም ባልዲ አለሽ። ሳሩ ሲወጣ ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ለኪው። ከዚያ ያንኑ በጨርቅ ሸፍነሽ ድገሚ። የሁለቱ ልዩነት ሳሩ የወሰደው ነው። ውጤቱን እዚህ ጻፊልን።

አቡ ገልማ፣ ሽንሌ

ልጄ፣ እኔ መለኪያ የለኝም። ግመልና ፍየል ያረባሁ ሰው ነኝ፤ አሁን ልጆቼ ጋ ድሬ ነኝ። ልጄ ነው የሚጽፍልኝ።

እኛ ጋ ዝናቡ ሁለት ነው። በበልጉ ጊዜ ዲራ ይባላል፣ በክረምቱ ከረን። ዋናው ከረን ነው። ድሮ ከረን ሲገባ ተከታትሎ ነበር የሚመጣው። የመጀመሪያው ዝናብ አፈር ያነቃል። ከብቱ እንኳ ያሸተዋል፤ አንገቱን ያነሳል። ሁለተኛው በሳምንት ውስጥ ሲደግም ሳር ያነሳል። ሦስተኛው ሲመጣ ወተት አለ። አሁን የመጀመሪያው ይመጣና 20 ቀን፣ 25 ቀን ይጠፋል። ሳሩ ወጥቶ ጣት ሳያህል ይቃጠላል። ሥሩ ያስቀመጠውን ስንቅ ለዚያች ቅጠል ጨርሷል። ሦስት ዓመት እንዲህ ከሆነ ሥሩም ይሞታል። ያ ደህናው፣ ከዓመት ዓመት የሚኖረው ሳር ነው የሚሞተው። የሚተካው ለአንድ ወር የሚቆይ፣ ነፋስ የሚነቅለው ነው። አንዳንድ ቦታ እሱም የለም፤ እሾህ ነው።

በ2008ቱ ድርቅ የከብት ሬሳ መንገዱን ሞልቶት ነበር። ሰው ያን ያስታውሳል። እኔ የማስታውሰው በቀጣዩ ዓመት የሆነውን ነው። ዝናብ ጣለ፤ ግን መሬቱ አልተቀበለም። ሳር ስላልነበረ ውሃው እንደ አስፋልት ላይ ሮጦ ሄደ። በዘነበ ሀገር የሳር ዘር ፈልገን አጣን።

እናንተ ካርቦን የምትሉትን እኔ ሳር ብዬ ነው የማውቀው። ሳሩ ሲኖር አፈሩ ጥቁር ይላል፣ ይለሰልሳል። ሲጠፋ ነጭ ይሆናል። ለልጆቹ በእጃቸው አስነኪያቸው።

የከዚራ ጥላ

መምህርት በርቺ አቦ! እኔም ጥያቄ አለኝ። ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃማ ዛፍ በድርቅ ጊዜ እንኳ አረንጓዴ ነው። ታዲያ ካርቦን አይወስድም? ለምን ንቀሉት ይባላል?

የደንገጎ ልጅ

ይወስዳል፤ እንጨቱ ላይ ያስቀምጣል። ሥሩ በጣም ጥልቅ ስለሚሄድ ሳሩ የማይደርስበትን ውሃ ይጠጣል፤ ለዚያ ነው በድርቅ የማይጠወልገው። ወደ አገራችን የገባውም በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ገደማ አፈርና ነፋስ እንዲይዝ ተብሎ ነው። ግን ከሥሩ ሳር አያስበቅልም። ከብት ፍሬውን በልቶ ዘሩን በእበቱ ይዘራዋል፤ እሾሁ ሰኮና ይወጋል። አርብቶ አደሩ ግጦሹን ያጣል። እንጨቱ ከሰል ሲሆን ደግሞ የወሰደው ካርቦን ምድጃ ላይ ተመልሶ ይወጣል። የሳር ካርቦን አብዛኛው ከመሬት በታች ሥሩ ጋ ነው፤ መጥረቢያም እሳትም ቶሎ አያገኘውም። እኔ ሳሩን ነው የምመርጠው። አባታችን ስለ ነጩ አፈር ያሉት ቃል በቃል ትክክል ነው፤ አፈርን የሚያጠቁረው በውስጡ ያለው ብስባሽ ነው።

የባዮ መምህርት፣ ሳቢያን

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከልቤ ነው። መልሶቹን አትሜ ክፍል ውስጥ ለጥፌያለሁ።

ያላችሁኝን አደረግን። ባለ 20 ሊትር የመጠጥ ውሃ የሚመጣበትን ፕላስቲክ ጠርሙስ ታቹን ቆረጥን፤ ብርሃን ያሳልፋል። ከዝናቡ በኋላ በ12ኛው ቀን ሳሩ ጣት ያህል ወጥቶ ነበር። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ደፋንበት። ከ428 ተነስቶ በ3 ደቂቃ ወደ 401 ወረደ። ወረደ! ልጆቹ ጮኹ። ከዚያ በጥቁር ጨርቅ ሸፍነን ደገምነው፤ ከ428 ወደ 470 ወጣ። ያንን ልዩነት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ራሳቸው ቀነሱት፤ 69። ሳሩ በ3 ደቂቃ የወሰደው እሱ ነው።

እኩለ ቀን ላይ ስንደግመው ግልጹ ጠርሙስ ከ428 ወደ 433 ወጣ። ያው ሳር፣ ያው ቦታ፣ ፀሐዩ ግን አናት ላይ። ቅጠሉ በሩን ዘግቷል። ጠርሙሱ ራሱ ውስጡን እንደሚያሞቅ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ደቂቃውን አሳጥረን፣ ጥላ ውስጥ አቀዝቅዘን ነው የተጠቀምነው።

ከዚያ ዝናቡ ጠፋ። 19 ቀን። ሳሩ ጫፉ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ ሁሉም። ለመጨረሻ ጊዜ ስንለካ ግልጹም የተሸፈነውም እኩል 11 ጨመሩ። ሳሩ መውሰድ አቁሟል፤ ከሥር ያለው ግን አሁንም ትንሽ ይተነፍሳል። ያን ቀን ማንም አልጮኸም። «መሬቱስ ይተነፍሳል?» ያለችኝ ልጅ ደብተሯ ላይ «ሁለተኛው ዝናብ አልመጣም» ብላ ጻፈች። ከሽንሌው አባታችን ቃል የወሰደችው ነው።

አሁን አንድ ነገር አስበናል። ኅዳር ላይ ሰማዩ ሲጠራ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ሁለት መደብ እናበጃለን። አንዱ ላይ 20 ሊትር በአንድ ቀን እናፈሳለን፤ ያ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት ነው። ሌላው ላይ 5 ሊትር 5 ሊትር እያደረግን በየ5 ቀኑ አራት ጊዜ። ውሃው እኩል ነው፤ አወራረዱ ብቻ ይለያል። በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት እንለካለን። የደንገጎ ልጅ፣ መደቦቹ መሃል ስንት ሜትር ብተው ውሃው አይቀላቀልም? ድሬ ውስጥ ሁለተኛ መለኪያ የሚያውሰን ካለ ደግሞ ይጻፍልኝ።

ጋሼ፣ ለእርስዎ አንድ ልመና አለኝ። ከብት ያልገባበት፣ ያ ደህናው ሳር የተረፈበት ቦታ ሽንሌ በኩል ካለ ልጆቹን ይዤ ልምጣ? በእጃቸው እንዲነኩት።

የደንገጎ ልጅ

ሁለት ሜትር ይበቃል። መሬቱ ተዳፋት ከሆነ ጎን ለጎን አድርጊ፤ ላይና ታች እንዳይሆን። መለኪያ እኔ ጋ አንድ አለ። ቅዳሜ ስወርድ አመጣዋለሁ።

አቡ ገልማ፣ ሽንሌ

አለ። አሮጌ መቃብር ያለበት ቦታ ነው፤ ሰው አክብሮት ከብት አያስገባበትም። ከረን ሲገባ ኑ። ግን ከሁለተኛው ዝናብ በኋላ ይሁን፤ ከመጀመሪያው በኋላ ብትመጡ የምታዩት አፈር ብቻ ነው። ልጄ ስልኩን በውስጥ ይልክልሻል።